እርዱ ዲስኩ ጋ እንዴት ይድረስ?

«እርድ ለዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ላለው ትራስ) መድኃኒት ነው» የሚለው ወሬ ከባዶ የተነሳ አይደለም። የእርዱ ኩርኩሚን፣ የቀይ ሽንኩርቱ ኩዌርሴቲንና የወይን ልጣጩ ሬስቬራትሮል በላቦራቶሪ የዲስክ ሴሎችን ከጉዳት ሲከላከሉ ታይተዋል። ዲስክ ሲያረጅ በውስጡ የሚበዙት ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች ሴሎቹን ያስቆጣሉ፤ የተቆጡት ሴሎች ደግሞ አግሬካን የተባለውን ፕሮቲን የሚበጣጥሱ ኢንዛይሞች ያመነጫሉ። ዲስኩ ውሃ ይዞ የሚቆየው በአግሬካን ነውና እሱ ሲያልቅ ዲስኩ ይሟሽሻል። እነ ኩርኩሚን ፀረ ኦክሲዳንት ስለሆኑ ይህን ሂደት ያረግባሉ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

ጣጣው መንገዱ ላይ ነው። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ 3 እጅ ገደማ ነው፤ 3 ግራም እርድ ብንወስድ 90 ሚሊ ግራም ቢገኝ ነው። ከዚያም አብዛኛው ከአንጀት ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል፤ የገባውን ጉበት ወዲያው ለውጦ ያስወግደዋል። በዚያ ላይ የአዋቂ ሰው ዲስክ መሃሉ ደም ስር የለውም። ምግቡ የሚደርሰው ከላይና ከታች ባሉት ስስ የካርቲሌጅ ንጣፎች ሰርጎ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ እነሱም ይደድራሉ። ዲስኩ በተጎዳ ቁጥር መግቢያው ይጠባል ማለት ነው።

«ታዲያ ዲስኩ ውስጥ በመርፌ ይሰጥ» ይባላል፤ ተመራማሪዎችም እየሞከሩት ነው። ግን አይጥ ላይ ዲስክን ለጥናት ሆን ብሎ ማበላሸት ሲፈለግ ጅራቷ ላይ ያለውን ዲስክ በመርፌ መውጋት የተለመደ ዘዴ ነው! የአይጥ ጅራት ደግሞ እንደ ሰው ወገብ ሸክም አይችልም፤ ስለዚህ «አይጥ ላይ ሠራ» የሚል ዜና ስናነብ ረጋ ማለት ይበጃል።

ቁንዶ በርበሬ መጨመርስ? እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ጥናት 2 ግራም ኩርኩሚን ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ከሚገኘው ፒፐሪን 20 ሚሊ ግራም ጋር ሲሰጥ ደም ውስጥ የሚገባው መጠን 20 እጥፍ ጨምሯል። ይህ የሆነው ግን ፒፐሪን ጉበትና አንጀት ባዕድ ነገር የሚያስወግዱበትን ሥራ ስለሚያውክ ነው፤ የምንውጠው ሌላ መድኃኒትም አብሮ ሊከማች ይችላል። የእርድ እንክብል ወስደው ጉበታቸው የታመመ ሰዎች ተመዝግበዋል። ዋርፋሪን (የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ባይነካው ይሻላል። አልጫ ላይ የሚነሰነሰው እርድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ አያሰጋም።

ኤምአርአይ ላይ «ዲስክህ አርጅቷል» ስለተባለ ብቻ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥም አያስፈልግም። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ተመርምረው በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት ደግሞ 96 በመቶው ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ ተገኝቷል። የተንሸራተተ ዲስክም ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይሟሟል፤ እስከዚያው ከመተኛት መንቀሳቀስ ይመረጣል። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር ከዛለ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ የታከለበት የጀርባ ሕመም ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ሳይዘገይ ይደረግ።