ለክቡር መብራት መጥፋት፦ ከክትባት ክፍል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ያለ ቀጠሮ የሚያደርጉትን ጉብኝት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን በሻማ ብርሃን አቀርባለሁ። በአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል የምንሠራ ባለሙያዎች ከሥጋ ዘመዶቻችን ይልቅ ክቡርነትዎን አዘውትረን እናያለን፤ እነርሱ እንኳ ከመምጣታቸው በፊት ይደውላሉ።

ሰው ቤት ሲገቡ እንጀራው ሳይጋገር ስልኩም ሳይሞላ ያድራል፤ ይህን ሕዝቡ ለምዶታል። እኛ ዘንድ የሚያገኙት ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልሆነ በቀር ኑሮ የማይስማማው ክትባት ነው። በፖሊዮ ጠብታው ብልቃጥ ላይ ያለችው ነጭ አራት ማዕዘን ሙቀት ባገኛት ቁጥር ትጠቁራለች፤ ከከበባት ክብ ጋር በቀለም የተመሳሰለች ዕለት ብልቃጡ ይወገዳል። እርስዎ የመጡበትን ሰዓት ቢረሱ እርሷ አትረሳም፣ መልሳም አትነጣም።

በሙቀት መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ግን፣ በሐቅ ልናገርና፣ ክቡርነትዎ መጥተው አያውቁም። ጠዋትና ማታ፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ፣ «5 ዲግሪ» ተብሎ ተሞልቷል፤ የቅዳሜውም የእሑዱም በሰኞ እስክሪብቶ።

ግድግዳው በረዶ የሚይዘው የክትባት ፍሪጅ በሩ ካልተከፈተ በ43 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ቢያንስ 20 ሰዓት እንዲቋቋምዎ ሆኖ ስለተሠራ፣ ብቻዎን ቢሆኑ ኖሮ ብዙም ባልፈራንዎት ነበር። ትልቁ ጥበብዎ እኛን ማስደንገጥ ነው። ባለፈው ሲመጡ አንዱ ባልደረባዬ «እስኪ ቅዝቃዜው አለ?» እያለ በየግማሽ ሰዓቱ በሩን ሲከፍት፣ ሌላዋ ደግሞ እንደ ድንጋይ የደረቀ አይስ ፓክ ከፍሪዘር አውጥታ ከፔንታው (ልጆችን ከአምስት በሽታዎች ከሚከላከለው ክትባት) ብልቃጦች ጋር በአንድ ሳጥን ጎሰጎሰችው። አይስ ፓኩ ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ እስኪሰማ ድረስ ውጭ መቆየት ነበረበት። ፔንታ ጥቂት ሙቀት ይታገሣል፤ በረዶ ከሆነ ግን አለቀለት፣ ያችም አራት ማዕዘን ስለ ሙቀት እንጂ ስለ በረዶ አትመሰክርም። ከእርስዎ ልናድነው ብለን በገዛ እጃችን ገደልነው፤ ክቡርነትዎ ጣትዎን እንኳ አላነሱም።

ጀነሬተር የለንም እንዳይባል፣ ከነቁልፉ አለን። የጎደለው ናፍጣ ብቻ ሲሆን፣ የናፍጣው መጠየቂያ የሚታተመው ደግሞ መብራት ሲኖር ነው።

ስለዚህ መምጣትዎ ካልቀረ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዘው በሚመጡበት የክትባት ቀን እንዳይሆን፣ ሲሄዱም ኃይሉን በአንድ ጊዜ ለቀው ስታቢላይዘራችንን እንዳያቃጥሉብን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከሠላምታ ጋር
የክትባት ክፍል ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለጀነሬተሩ (ናፍጣ ሲያገኝ እንዲያነበው)