ሥራሽን ሳትለቂ ተማሪ

የአክስቴ ልጅ ሻርጃ ውስጥ አካውንታንት ናት። እዚያ መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ወር ደውላ «ጋሼ፣ ስኮላርሽፕ አገኘሁ!» አለችኝ። ቻይና፣ ሙሉ ስኮላርሽፕ፣ ኤምቢኤ (የማኔጅመንት ማስተርስ)፣ በእንግሊዝኛ። እልል ማለት ነው የቀረኝ። ቀጥላ «ግን ሥራዬን ልልቀቅ? ወይስ እዚሁ ዱባይ በማታ ልማር?» ስትለኝ ዝም አልኩ። «ነገ እደውልልሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ነገ ያልኩት ሳምንት ሆነ። ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። ከዱባይም ከዶሃም ከሪያድም የሚደውሉልኝ ልጆች ይህንኑ ነው የሚጠይቁኝ። ለእሷ የሰጠሁትን መልስ ለሁሉም ልጻፈው ብዬ ነው። መልሴም አጭር ነው። ማኔጅመንት ለመማር ብለሽ ሥራሽን አትልቀቂ። በማታ ተማሪ።

ስኮላርሽፑን አቃልዬ አይደለም። የቻይና መንግሥት ለማስተርስ ተማሪ ትምህርቱንና ማደሪያውን ይችላል፣ በወር 3,000 ዩዋን ኪስ ገንዘብም ይሰጣል። ኢንጂነሪንግ ወይም ሕክምና ቢሆን ኖሮ «ሻንጣሽን አዘጋጂ» እላት ነበር። ኤምቢኤ ግን ሌላ ነው። ላብራቶሪው ያለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ሥራሽን ስትለቂ ላብራቶሪውን ቆልፈሽ ትሄጃለሽ።

እኔ የተማርኩት ዱባይ ውስጥ ነው፣ በማታ። ቀን ቀን ጀበል አሊ ወደብ አጠገብ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ መጋዘን ላይ እሠራ ነበር። ክፍል የሚጀምረው ከምሽቱ 12፡30 ነው፣ የሚያበቃው 3፡30። ደይራ ያለው ቤቴ በሜትሮ ስደርስ 5 ሰዓት ይሆናል።

አንድ ማክሰኞ ማታ የኦፕሬሽን አስተማሪያችን፣ ሕንዳዊ ናቸው፣ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ጻፉ። የሊትል ሕግ ይባላል፤ ጆን ሊትል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። በአንድ ቦታ ውስጥ ያለው ብዛት ማለት በሰዓት የሚገባው ሲባዛ እያንዳንዱ በአማካይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲህ የቀለለ ነገር ለማስተማር ይህን ሁሉ ገንዘብ ያስከፍሉናል እንዴ ብዬ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ገባሁ። ግቢያችን እንደ ወትሮው በጭነት መኪና ታጭቋል። አለቃዬ ለወራት «ፎርክሊፍት (የጭነት ማንሻ መኪና) ይጨመር» እያለ ይጨቃጨቃል። ቆጠርኩ፤ 48 መኪና። የበሩን መዝገብ አየሁ፤ በሰዓት 16 ይገባል፣ 16 ይወጣል። 48 ለ16 ሲካፈል 3። እያንዳንዱ ሹፌር ሦስት ሰዓት ግቢያችን ውስጥ ይቆያል ማለት ነው። ጭነት መጫኑ ራሱ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቀሪው ጊዜ የት ሄደ? ሹፌሮቹን ጠየቅኳቸው። ሁሉም በእጃቸው ወደ ቢሮው መስኮት ጠቆሙኝ። ወረቀት። ማህተም የሚመታው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ሻይ ሲሄድ ግቢው ሁሉ ይቆማል።

ፎርክሊፍት አልተገዛም። ሁለተኛ ማህተም ተሠራ፣ ሁለተኛ ሰው መስኮቱ ላይ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ይህንን ክፍል ውስጥ ስናገር ባንክ የሚሠራው የኬራላው ልጅ «የእኛ ብድር ክፍልም ልክ እንደዚህ ነው» አለ። ሆስፒታል የምትሠራው ፊሊፒናዊት ድንገተኛ ክፍላቸውን አነሳች። አስተማሪው የዚያን ቀን ትምህርታቸውን ትተው እስከ መጨረሻው ይህንኑ አወያዩን።

እንዲህ ያለውን ነገር ቀን ቀን ሙሉ ጊዜውን የሚማር ሰው ከየት ያመጣዋል? እሱ የሌላ ሰው ኩባንያ ላይ የደረሰውን ያነባል። ጥሩ ነው፣ ይጠቅማል። ግን ማክሰኞ የተማረውን ረቡዕ የሚሞክርበት ግቢ የለውም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሥራ ሲገባ ግማሹ ከጭንቅላቱ ጠፍቷል።

እኛ ጋ ግን «የማታ» የሚለው ቃል ይከብዳል። «የት ነው የተማረው?» «ዩኒቨርሲቲ።» «ቀን ነው ማታ?» «ኤክስቴንሽን።» «እህ… እሺ።» ያቺ «እህ» ብዙ ትናገራለች። የቀኑ ጎበዝ፣ የማታው ከፋይ። በመጀመሪያ ዲግሪ ይህ አመለካከት ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ነጥብ ያልመጣለት ልጅ በክፍያ ይገባ ነበር። ግን ያንን መለኪያ አሥር ዓመት የሠራ ሰው በሚማረው ማስተርስ ላይ መለጠፍ ትክክል አይደለም። የአክስቴን ልጅም ያሳሰባት አንዱ ነገር ይኸው ነው። «በማታ ነው ብዬ እንዴት እናገራለሁ?» አለችኝ። በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ሌላው እስያ ይህን ጥያቄ ካለፈው ቆይቷል። ጃፓንን እንውሰድ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሠራተኛቸውን እስከ ጡረታ ይዘው የሚኖሩበት አገር ነው። ሥራ ለቅቆ ሁለት ዓመት መማር ከሰልፍ እንደ መውጣት ነበር፣ ተመልሰህ ቦታህን አታገኘውም። ኩባንያው ራሱ መርጦ ወደ አሜሪካ የሚልካቸው ጥቂቶች ነበሩ። ለሌላው ሠራተኛ በሩን የከፈተው የማታው ትምህርት ነው። የጹኩባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ከቶኪዮ ውጭ ነው። ነገር ግን በ1989 ለሠራተኞች ብሎ የማታ ድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት ቶኪዮ ከተማ ውስጥ ከፈተ። ሠራተኛው ወደ እኔ ይምጣ አላለም፣ ራሱ ወደ ሠራተኛው ሄደ። በ1992 ደግሞ ዮሺቶ ሆሪ የሚባል፣ ከሃርቫርድ ኤምቢኤውን ይዞ የተመለሰ ወጣት ቶኪዮ ሺቡያ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ለሠራተኞች ማስተማር ጀመረ። ያቺ የኪራይ ክፍል ዛሬ ግሎቢስ የሚባል የቢዝነስ ትምህርት ቤት ሆናለች።

ሆንግ ኮንግ ደግሞ አለ። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ከአሜሪካው ኬሎግ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ጋር በ1998 የጀመረው የኤግዚኪዩቲቭ ኤምቢኤ በፋይናንሺያል ታይምስ ጋዜጣ ደረጃ በተደጋጋሚ ከዓለም አንደኛ ወጥቷል። ተማሪዎቹ ሥራቸውን ያልለቀቁ ኃላፊዎች ናቸው። ከሥራው ጋር ለተያያዘ ትምህርት ከኪሱ የከፈለ ሰው ደግሞ በዓመት እስከ 100,000 የሆንግ ኮንግ ዶላር ድረስ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ይቀነስለታል። መንግሥት «ተማር» የሚለው በወሬ ብቻ አይደለም።

ቻይናም እንደኛ «የማታ ነው» የሚል ችግር ነበረባት። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ግን የሙሉ ጊዜውም የትርፍ ጊዜውም ማስተርስ በአንድ ዓይነት ብሔራዊ ፈተና እንዲገባ፣ ዲግሪውም በሕግ ፊት እኩል እንዲሆን ተደረገ። ቀጣሪዎች ማበላለጣቸውን አልተዉም። በ2020 መጀመሪያ ላይ መንግሥት እንደገና ወጥቶ በቅጥር ላይ እንዳይበላለጡ መመሪያውን ይፋ አደረገ። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ልትሄድበት ያሰበችው አገር እንኳ በማታ መማርን ዝቅ አድርጋችሁ አትዩ ብሏል።

የወረቀቱ ነገር ከተነሳ አይቀር የሕንዱን ልንገራችሁ። አህመዳባድ ያለው የማኔጅመንት ኢንስቲትዩት በ1961 ነው የተቋቋመው፣ ሃርቫርድም በምሥረታው ረድቶታል። ሕንድ ውስጥ እዚያ ለመግባት ያለው ፉክክር ሌላ ነው። ታዲያ ይህ ትምህርት ቤት ከሃምሳ ዓመት በላይ ለዋናው የማኔጅመንት ፕሮግራሙ ተመራቂዎች ሲሰጥ የነበረው ዲፕሎማ ነው። ዲግሪ መስጠት የተፈቀደለት አዲሱ ሕግ በ2018 ሥራ ላይ ሲውል ነው። ኩባንያዎቹ ግን ያን ሁሉ ዘመን ተመራቂዎቹን ሲሻሙ ኖረዋል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም አላገዳቸውም።

ይህን ስል ወረቀት አይታይም ማለቴ አይደለም። ስደት ላይ ላለ ሰው በጣም ይታያል። ዱባይ ውስጥ ያሉት የውጭ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ፈቃድ የላቸውም። ዱባይ የእውቀትና የሰው ልማት ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት አላት፣ በፌዴራል ደረጃ ደግሞ የአካዳሚክ ዕውቅና ኮሚሽን አለ። ከመክፈላችሁ በፊት የሁለቱንም ዝርዝር እዩ። አገር ቤት የመመለስ ሐሳብ ካላችሁ ደግሞ የውጭ ዲግሪን አቻ ግምት የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ተመርቆ ወረቀቱን ይዞ ሲንከራተት ያየሁት ሰው አለ። ዓመታቱ ናቸው የሚያሳዝኑት።

የትምህርት ቤቱ ስም ብቻ አይበቃም። አስተማሪው ከየት ነው የሚመጣው? ስንት ቀን ይቆያል? እኔ ከወሰድኳቸው ኮርሶች አንዱን ያስተማሩን ሰው ከዋናው ግቢ በአውሮፕላን መጥተው፣ አራት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ስላይድ አንብበው ተመለሱ። ጥያቄ ስንጠይቅ ሰዓታቸውን ያያሉ። ለዚያ ኮርስ የከፈልኩት ከሌሎቹ እኩል ነው። እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

ክፍያውን ካነሳን ዱባይ ቼክ ነው የሚጠይቁት። ቀኑ ወደፊት የሆነ ቼክ ቀድመህ ፈርመህ ታስረክባለህ። እኔ ስምንት ፈረምኩ። ያኔ ስንቅ የሌለው ቼክ በወንጀል ያስከስስ ነበር። አብዛኛው ወደ ፍትሐ ብሔር የዞረው ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ነው። ደመወዝ አንድ ሳምንት ሲዘገይ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሥራ እየሠራሁ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ሥራ ባይኖረኝስ ኖሮ?

ከገንዘቡ የባሰው ግን ጊዜው ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ ብዙ ጊዜ የሌሊት ተረኛ። ልጃችን ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጎረቤታችን የጎንደሯ እትዬ በመሀል ያሉትን ሰዓታት ባትይዝልን ኖሮ አንዳችንም አንቆምም ነበር። ብዙ ጠዋት ልጃችንን የተቀባበልነው ሊፍት በር ላይ ነው። እሷ ከሆስፒታል ስትገባ እኔ ወደ ጀበል አሊ ስወጣ። «በልታለች?» «በልታለች። ሽሮው ምድጃው ላይ ነው።» የሊፍቱ በር ይዘጋል። የዚያን ቀን ወሬያችን ይህ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንደዚያ ኖርን። ስለዚህ ማንም ሰው ሲጠይቀኝ «ቤትህ ምን አለ?» እላለሁ። ይህን ቤቱ ካልተስማማበት ትምህርቱ አይዘለቅም። አብረውኝ ከጀመሩት ውስጥ ያቋረጡት ትምህርቱ ከብዷቸው አልነበረም።

የማታው ትምህርት የማይሆንለት ሰውም አለ። ሥራ ልምድ የሌለው፣ ገና የተመረቀ ልጅ ክፍል ውስጥ የሚያዋጣው ነገር ስለሌለው ይቸገራል። ሙያውን ጨርሶ መቀየር የሚፈልግ ሰውም ቀኑ ሊሻለው ይችላል። አለቃው ምንም ነገር እንዲነካ የማይፈቅድለትም እንደዚያው። በዚሁ ከተማ ደግሞ በሳምንት የአንድ ቀን ዕረፍታቸውን ለማግኘት የሚታገሉ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን አሉ። ዕረፍቱ በሕግ የተፈቀደላቸው ነው፣ ግን ስንቷ ታገኘዋለች? ይህ ሁሉ ስለ ማስተርስ ማውራቴ እነሱን በማስብበት ጊዜ ይከብደኛል። የእነሱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ እጽፈዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ግን ከእነዚህ አንዷም አይደለችም። ስድስት ዓመት የሒሳብ መዝገብ ዘግታለች። በየወሩ መጨረሻ ለምን ለአሥር ቀን እንደሚታመሱ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ያንን ጥያቄ ይዛ ነው ክፍል መግባት ያለባት። ደሴ ያለችው አክስቴም በየወሩ የምትጠብቀው ገንዘብ አለ፣ ታናሽ ወንድሟም ገና ተማሪ ነው። ደግሞ ከኤምሬትስ ወጥተሽ ከ180 ቀን በላይ ከቆየሽ የመኖሪያ ፈቃድሽ ይወድቃል። ተመልሰሽ ስትመጪ ከዜሮ ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። «ቻይና ማየት እፈልግ ነበር እኮ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። እውነቷን ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ብታይ ደስ ይለኛል። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ትናንት ማታ ደወለች። አለቃዋን አነጋግራዋለች። ማክሰኞና ሐሙስ 11 ሰዓት ላይ እንድትወጣ ፈቅዶላታል፣ በምትኩ ቅዳሜ ጠዋት ትገባለች። የወር መዝጊያውን ነገር ስታነሳበት «ካሳጠርሽልኝ ከክፍያው ላይ አግዝሻለሁ» ብሏታል። በጽሑፍ እንዲሰጣት ንገሪው አልኳት። ለስኮላርሽፑ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ መስጠት አለባት። የቼክ ደብተሩን ከባንክ አምጥታዋለች፣ እስከ አሁን ግን አንዱንም አልፈረመችም።