ሴንሰሩ አዳማ ላይ፣ ቀትር ላይ ይሞከር

ባለፈው ጥቅምት ትኩሳት ይዞኝ አዳማ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ሲስተር ጣቴን ወግታ ደሜን የወባ መመርመሪያዋ ላይ ጠብ አደረገች። ጠበቅን። አንደኛዋ ቀይ መስመር ደምቃ ወጣች። ወባ መኖሩን የምትናገረው ሁለተኛዋ ግን አለች እንዳይባል ደብዛዛ፣ የለችም እንዳይባል ጥላ ነገር አላት። ሲስተር ወደ መስኮቱ አዘንብላ አየቻት። "አለች ልበል?" አለች፣ ለራሷ።

ያቺ ቅላት የተጠራቀመ የወርቅ ብናኝ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው መመርመሪያ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 200 የወባ ተሕዋስያን ካሉ እንዲለይ ይጠብቃል። ከዚያ ካነሱ ነገሩ በዓይንና በመስኮት ነው።

ጥቃቅን የብርሃን ሴንሰሮች ይህን ግምት ሊያስቀሩ ይችላሉ። አንደኛው ዓይነት ቺፕ ላይ የተሠራች፣ የፀጉር ውፍረት የምታህል የሲሊኮን ቀለበት ናት። ብርሃን ውስጧ ደጋግሞ ይዞራል። ገጿ ላይ ያለው አንቲቦዲ የሚፈልገውን የወባ ፕሮቲን ሲይዝ፣ ቀለበቷ የምትመርጠው የብርሃን ሞገድ ርዝመት ፈቀቅ ይላል። ብርሃኑ ሳይደክም ብዙ ከዞረ ትንሿ ፈቀቅታ ሳትቀር ትለያለች። አንዳንዶች ደግሞ ብርሃኑን በጠባብ ስንጥቅ ያስኬዱታል፤ ከሲሊኮኑ ይልቅ ፈሳሹን እንዲነካ።

ብልሃቱ ያስደስታል። ግን ሲሊኮን ሙቀትም ይሰማዋል። አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ሲጨምር ቀለበቷ የምትመርጠው ሞገድ ርዝመት ከ70 እስከ 80 ፒኮሜትር (የሜትር ትሪሊዮንኛ) ይሸሻል። ጥቂት ፕሮቲን የሚያመጣው ለውጥ ከዚህ በብዙ ያንሳል። ኤር ኮንዲሽነር ያለው ላብራቶሪ ውስጥ ይህ ማንንም አያስጨንቅም። አዳማ ግን ጠዋት ሹራብ ያስለብሳል፣ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ አቧራው በንፋስ ይገባል፣ መብራቱም ደስ ሲለው ይሄዳል።

መላ አለው። አጠገቧ ምንም የማትይዝ፣ የተሸፈነች ሁለተኛ ቀለበት ይሠራል። ሁለቱ በሙቀት አብረው ይሸሻሉ፤ ልዩነታቸው የፕሮቲኑ ነው። የደም ነገር ግን ይብሳል። ያልተፈለገው ፕሮቲን ሁሉ ገጹ ላይ ይለጠፋል፣ ሴንሰሩም አገኘሁ ብሎ ይዋሻል።

ስለዚህ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ቺፕ ፋብሪካ የለንም ብለው እጃቸውን ባያጣጥፉ እላለሁ። ቺፑ ከውጭ ይምጣ። ገጹን ደም እንዳይለጠፍበት ማዘጋጀቱ፣ በሙቀትና በአቧራ መሃል መፈተኑ እዚህ የሚሠራ ሥራ ነው። ውጤቱን ሲጽፉም ያን ቀን ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደነበር ይጻፉልን።

እኔን በመጨረሻ የለየኝ ማይክሮስኮፕ ነው። ወባ ነበር።