አባ ሎሬንስ የሳቱት መድኃኒቱን አይደለም

ደሴ ላይ ስለ ሼክስፒር ተውኔት ስለ «ሮሚዮና ጁልየት» ወሬ ከተነሣ ጥፋቱ ቶሎ የሚጫነው በሁለቱ ቤተሰቦች ቂም ወይም በዕድል ላይ ነው። የነፍስ አባታቸው አባ ሎሬንስ «ለበጎ ብለው ነው» ተብለው ይታለፋሉ። የቬሮናው መስፍንም መጨረሻ ላይ ቅዱስ ሰው መሆንዎን እናውቃለን ብሎ አልፏቸዋል። የወሎ ሽማግሌ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቃቸው አይመስለኝም።

በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም «ኦቴሎ»ን ያየ ሰው ኢያጎን ይረግማል፤ ክፉ መካሪን መለየት አያስቸግርም። አባ ሎሬንስ ክፉ አይደሉም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሮሚዮ ትናንት ለሮዛሊን ሲያለቅስ ቆይቶ ዛሬ ከጁልየት ጋር ያጋቡኝ ሲላቸው ይገሥጹታል፣ ወዲያው ደግሞ እሺ ይላሉ። ምክንያቱን ራሳቸው ተናግረውታል፦ ይህ ጋብቻ የሁለቱን ቤት ቂም ወደ ፍቅር ይለውጠው ይሆናል።

በጋብቻ ዕርቅን ማጥበቅ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ግን ሌላ ነው። አበጋሮች፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ደም የተቃቡትን ሲያስታርቁ ሁለቱም ወገን ባለበት ነው፤ ዋስ ይጠራል፣ ጥፋት ይታመናል፣ ካሳ ይቆረጣል። ልጅ መስጠት ቢመጣ እንኳ ከዚህ በኋላ ነው። አባ ሎሬንስ መጨረሻውን መጀመሪያ አደረጉት፤ ያውም በስውር። ባለጉዳዮቹ ያልሰሙት ጋብቻ ማንን ያስታርቃል? ሮሚዮ ተጋብቶ እንደ ወጣ የጁልየት ዘመድ ቲባልት ቢሰድበው በዝምድና ለስልሶ መለሰለት። ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረምና ወዳጁ መርኩሺዮ ፍርሃት መሰለውና ሰይፍ መዘዘ። መርኩሺዮ ሞተ፣ ቲባልት በሮሚዮ እጅ ተከተለው፣ ሮሚዮ ወደ ማንቱዋ ተሰደደ።

የጁልየት ወላጆች ፓሪስ ለሚባል መኳንንት ሊድሯት ሲነሡ፣ አባ ሎሬንስ የሞተች የሚያስመስል የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጧት፤ ሮሚዮም በደብዳቤ ተጠርቶ ስትነቃ ከመቃብር ሊወስዳት ነበር። ብዙ ሰው የሚተቸው ይህን መድኃኒት ነው። መድኃኒቱማ ሥራውን ሠርቷል፤ 42 ሰዓት ያስተኛል ተባለ፣ ጁልየት ተኛች፣ ነቃችም። የተበላሸው መልእክቱ ነው። ሦስተኛው ገቢር ላይ አባ ለሮሚዮ «እዚህ ያለውን በጎ ወሬ ሁሉ በአሽከርህ እልክልሃለሁ» የሚል ቃል ሰጥተውት ነበር። አሽከሩ ባልታዛር ነው። ዋናው ቀን ሲደርስ ግን ደብዳቤውን ለሌላ መነኩሴ ለአባ ጆን ሰጡ። አባ ጆን አብሯቸው የሚጓዝ ወንድም ሊፈልጉ ሄደው፣ ወረርሽኝ ገብቷል ተብሎ በተጠረጠረ ቤት ውስጥ ታሸገባቸው። የፓሪስና የጁልየት ሰርግም ከሐሙስ ወደ ረቡዕ ተስቦ ስለነበር አንድ ቀን አስቀድሞ ጎድሏል።

ከቬሮና ማንቱዋ ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ያህል ነው፤ በፈረስ ለሚሄድ ሩቅ አይባልም። ምስጢሩን ያልነገሩት ባልታዛር ጁልየት መቃብር ስትገባ በዓይኑ አይቶ እየጋለበ ደረሰ፤ ያየውን ተናገረ፣ አልዋሸም። ሮሚዮ ከአባ ደብዳቤ አላመጣህም ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆታል። የተገባለትን ቃል እየጠበቀ ነበር ማለት ነው። የለም ሲባል በ40 ዱካት መርዝ ገዛ።

አባ ሎሬንስ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም? ነበራቸው። ፓሪስ ስለ ሰርጉ ሊነጋገር ራሱ እሳቸው ዘንድ መጥቷል። «ይህች ልጅ ባል አላት፣ ያጋባኋት እኔ ነኝ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አደገኛ ቃል መሆኑን አልክድም፤ ሮሚዮ በቲባልት ደም የተፈረደበት ስደተኛ ነው። ነገር ግን ቢናገሩ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። ለዕርቅ የተጀመረው ምክር እዚህ ላይ ለመካሪው ራሱ መሸሸጊያ ሆኗል ባይ ነኝ።

መቃብሩ ውስጥ ያለው ትዕይንት ይህን ያጠናክርልኛል። ጁልየት ነቅታ ባሌ የት አለ ትላለች። ባልሽ ሞቷል፣ ፓሪስም እንዲሁ፣ ነይ ከመነኮሳይት ጋር አኖርሻለሁ ይሏታል። ከውጭ ድምፅ ይሰማል፣ ዘብ እየመጣ ነው። እንቢ፣ አልወጣም ስትላቸው ከዚህ በላይ መቆየት አልደፍርም ብለው ይወጣሉ። 14 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ከሁለት ሬሳ ጋር ትተዋት ሄዱ፤ የሮሚዮ ጩቤ እዚያው ነበር።