ማስተካከያ፦ የጠፋ የሥራ ፈቃድ ምትክን በተመለከተ

ፒያሳ በሚገኘው ቢሯችን በለጠፍነው ማስታወቂያ፣ የሥራ ፈቃዱ የጠፋበት የውጭ አገር ዜጋ ምትክ ለማግኘት ወደ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት እንዲሄድ መግለጻችን ስህተት ስለሆነ፣ በዚህ ምክንያት የተጉላሉትን ሁሉ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ያ ተቋም የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ሲሆን፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገውን የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ምትክንና እድሳትንም አደባልቀን ነበር፤ ፈቃዱ በመርህ ደረጃ ለ3 ዓመት ተሰጥቶ በየዓመቱ የሚታደስ በመሆኑ፣ ጊዜው ላለፈበት የሚጠየቀው እድሳት እንጂ ምትክ አይደለም። የጠፋበት ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ ቢያመለክት፣ የተበላሸበት ደግሞ የተቀደደውን ሳይጥል ይዞ ቢቀርብ (ቁጥሩ ከተነበበ ብዙ ድካም ይቀንሳልና) እንመክራለን። የተሳሳተው ማስታወቂያ ከሰሌዳው ተነሥቷል።