ያወረዳችሁት ዘይት የእናንተ ነው

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው እሑድ እሑድ በየግቢያችሁ መኪና ሥር ለምትገቡት ነው። ቪትዝ ላላችሁ፣ ባጃጅ ለምትነዱ፣ ሚኒባስ ለምታሠሩ፣ በጣና ላይ የሞተር ጀልባ ለምታንቀሳቅሱ ሁሉ።

የሞተር ዘይት በቤታችሁ መቀየራችሁን፣ ጎማም ፈትታችሁ ማዘዋወራችሁን አልነቅፍም። እንዲያውም ደግ አደረጋችሁ እላለሁ። የዘይቱን ዓይነት ራሳችሁ መርጣችሁ፣ ፊልትሮው በእርግጥ መቀየሩን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ የእጅ ዋጋ ሳትከፍሉ ትገላገላላችሁ። ኑሮ እንዲህ በከበደበት ዘመን ለራሱ የሚሠራ እጅ ይመሰገናል። ነገር ግን መኪናችሁን ጋራዥ ስታስገቡ ከገንዘቡ ጋር ኃላፊነቱንም ለባለሙያው አስረክባችሁ ነበር። ቤት ስትሠሩ ኃላፊነቱ ተመልሶ ወደ ግቢያችሁ ይገባል። ይህን ቆም ብሎ ያሰበ ሰው አላየሁም፤ የሚያናግረኝም ይኸው ነው።

ከጎማው ልጀምር፣ እሱ አጭር ነው። ክሪክ መኪና ያነሣል እንጂ ሥሩ ለተኛ ሰው ዋስ አይሆንም። ብሎኬት ደርድራችሁ መኪና የምታስደግፉ ሰዎች፣ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ጭነቱ አንድ ጥግ ላይ ካረፈ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። በክረምት ደግሞ የረጠበው ጥቁር አፈር የክሪኩን እግር ይውጠዋል። የብረት ማስደገፊያ ለብቻ መግዛት ቢከብድ ሦስትና አራት ጎረቤት አዋጥቶ ይግዛ፤ ለእድር የሚያዋጣ ሰፈር ለዚህ አያንስም። ቡሎኑን ጎማው መሬት እንደያዘ አላሉት፤ ስትመልሱ በመስቀል እያፈራረቃችሁ አጥብቁት፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ቁልፍ አስገቡበት። የፊት እግሩ በሚጎትት መኪና የፊት ጎማዎች ቀድመው ያልቃሉ። ስለዚህ በየ8,000 ወይም በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቶቹን በዚያው ጎን ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ደግሞ አሻግራችሁ ወደ ፊት አምጧቸው። ጎኑ ላይ የመሽከርከሪያ ቀስት ያለበት ጎማ ግን ወደ ሌላው ጎን አይሻገርም። በጎንደር መንገድ ላይ ቡሎኑ ላልቶ የወለቀ ጎማ ባለቤቱን ብቻ ለይቶ አይመታም፤ በመንገድ ዳር የሚሄደው ተማሪም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከሞተሩ ያወረዳችሁትን ዘይት የት ነው የምታደርሱት?

መልሱን ከእናንተ አፍ መስማት አያስፈልገኝም። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከጣለ በኋላ የሰፈራችሁን ቦይ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። በውሃው ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ እያለ የሚያብለጨልጭ ስስ ነገር ይንሳፈፋል። በቦዩ ግንብ ላይ ውሃው በደረሰበት ልክ ጥቁር መስመር ተሰምሯል፤ በጣት ቢነኩት ይለጠፋል፣ በውሃ ቢታጠቡት አይለቅም። ይህን ያመጣው ፋብሪካ አይደለም። በጀሪካን ወስዶ አመሻሽ ላይ፣ ሰው ሳያየው፣ ቦዩ አፍ ላይ ያፈሰሰው ጎረቤታችሁ ነው። ሰው እንዳያየው መጠንቀቁ ጥፋት መሆኑን እንደሚያውቅ ይመሰክርበታል።

ከተማችን ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት። ጎርፏ ወይ ወደ ጣና ነው የሚሄደው፣ ወይ ወደ ዓባይ። «ጣና ሰፊ ነው፣ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ስፋቱስ እውነት ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዘይት ደግሞ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይሰጥምላችሁም፤ ነፋሱ እየገፋ ወደ ዳር፣ ወደ ደንገሉ ያመጣዋል። ቆረሶ የምንለው ዓሣ የሚራባው ጥልቀት በሌለው በዚያው ዳር ነው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የሚበቅለውም እዚያው ነው።

መጠኑም አያታልላችሁ። አንድ ትንሽ የቤት መኪና በአንድ ቅያሬ ከሦስት እስከ አራት ሊትር ያወርዳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ከአንድ ቅያሬ የሚወጣው ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። የተቃጠለ ዘይት ከአዲሱ የሚከፋበትም ምክንያት አለው፤ ሞተር ውስጥ ሲዞር የከረመ ስለሆነ ከተፋቀው ብረት የወጣ ብናኝና ከነዳጅ ቃጠሎ የሚመጡ ካንሰር የማምጣት አቅም ያላቸው ውህዶች ተቀላቅለውበታል። ለዚህ ነው በባዶ እጅ አትንኩት የምላችሁ፤ ከጥፍራችሁ ሥር ይዛችሁት ወደ ማዕድ አትቅረቡ።

እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ስንት ሰው ጭቃ ውስጥ እየገባ በእጁ እንደነቀለ ታውቃላችሁ። ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት ሳይቀር ከእኛ ጋር ተሰልፎ ነቅሏል። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ሲገባ ደስ ያለን እኛው ነን። ታዲያ ጠዋት ለጣና የሚያለቅስ ሰው ማታ ቦይ ውስጥ ዘይት ሲደፋ ምን እንበለው? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

በተለይ እናንተ የሞተር ጀልባ ሰዎች፣ በእናንተ አዝናለሁ። እንጀራችሁ ከዚህ ውሃ ነው። ወደ ገዳማቱ ጎብኚና ምእመን የምታመላልሱት በዚህ ውሃ ላይ ነው። ዘይት ስትቀይሩ ዳር ላይ፣ ድንጋዮቹ መሐል ማፍሰሳችሁ በምን ይገለጻል? ዓባይ ዳር መኪናና ባጃጅ የምታጥቡም ከዚህ አትወጡም፤ ከሞተሩ ላይ የታጠበው ግራሶ ታች ያለ ሰው ጋ ይደርሳል፣ እሱም ከዚያው ወንዝ ይቀዳል።

«እኔ አልደፋውም፣ ለምስጥ እንዲሆን የአጥር እንጨት እቀባበታለሁ» የሚሉም አሉ። አቧራ እንዳይነሣ ደጃፋቸው ላይ የሚረጩም አሉ። ወንድሞቼ፣ ያ ዘይት የትም አልሄደም። መሬት ውስጥ ገብቷል፤ የሐይቁ ዳር የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ቅርብ ነው፣ በየግቢው ጉድጓድ የቆፈራችሁ ታውቁታላችሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። አዋጁ የሚለው ማንም ሰው ነው፣ እሑድ በግቢው የሚሠራውንም ጭምር።

አደራረጉ ከባድ አይደለም። ሞተሩን ጥቂት አሙቁት፤ ዘይቱ ለብ ሲል ይወርዳል፣ ሲፋጅ ግን እጅ ይልጣል። ሰፊ ሳህን ወይም ከጎኑ የተቆረጠ ጀሪካን ሥሩ አድርጉ፣ በሥሩም ካርቶን አንጥፉ። የድሮው ፊልትሮ ውስጥ ብዙ ዘይት ይቀራልና ሌሊቱን ሙሉ ተገልብጦ ይንጠብጠብ። ያወረዳችሁትን ክዳኑ በሚጠብቅ ጀሪካን ገልብጡ፣ ላዩ ላይ «የተቃጠለ ዘይት» ብላችሁ ጻፉ፣ ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩት። ውሃ፣ ቤንዚን ወይም የፍሬን ዘይት አትቀላቅሉበት፤ ከተቀላቀለ እንደገና ለሥራ ማዋል ይከብዳል። እናቶች ሆይ፣ ይህን የያዘ ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ለውሃም ለጠላም ወደ ቤት እንዳይመለስ እናንተ ጠብቁልን። ሲሞላ የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ወደሚያጠራቅም ጋራዥ ውሰዱት። ከመውሰዳችሁ በፊት ግን ለማን እንደሚያስረክቡት ጠይቁ፤ መልስ የሌለው ጋራዥ እሱም የሚደፋው ቦይ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ዘይት ሻጮችም ከዚህ ተግሣጽ አታመልጡም። አዲሱን ጀሪካን ስትሸጡ አሮጌውን ለመቀበል አንድ በርሜል ከሱቃችሁ ጀርባ ማስቀመጥ አያከስራችሁም። ከተማ አስተዳደሩ በየክፍለ ከተማው አንድ የማስረከቢያ ቦታ እንዲወስን በሚቀጥለው የሰፈር ስብሰባ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ፣ ቃለ ጉባኤ ላይም አስጽፉት። ቦታው እስኪገኝ ጀሪካኑ ተከድኖ ግቢያችሁ ይቆይ።