የጣት ቀለም ጀግኖች

ለእነዚህ የአሜሪካ ፖለቲከኞችና ደጋፊዎቻቸው ምስጋና ሲያንሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2005 ኢራቅ ምርጫ አካሄደች። ድምፁ ገና ተቆጥሮ ሳያልቅ እነሱ ግን ትርጉሙን ጨርሰውት ነበር። አሜሪካ ኢራቅን የወረረችበትን ጦርነት የደገፈው "አላልኳችሁም?" አለ። የተቃወመውም "አላልኳችሁም?" አለ። ሁለት ባላንጣዎችን በአንድ ቀን ልክ የሚያደርግ ምርጫ የት ይገኛል?

መራጩማ ምን አደረገ? በእግሩ ሄደ፣ ያ ነው። መኪና ላይ ፈንጂ ይጠመዳል ተብሎ መንዳት ተከልክሎ ነበርና። ወረቀቱ ላይ 111 የተወዳዳሪዎች ዝርዝር ተደርድሯል፤ ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ግን እንዳይገደሉ ስማቸውን ደብቀው ስለከረሙ ማንን እንደሚመርጥ በቅጡ አያውቅም። በኢራቅ የአልቃይዳ መሪ የነበረው ዛርቃዊ ደግሞ ዴሞክራሲ ላይ ጦርነት አውጇል። መራጩ ጣቱን ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነከረና ወጣ። እንግዲህ ያንን ጣት ይዞ ቤቱ መግባት አለበት። ቀለሙ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ከፍ አድርጎ ያሳየው ወይስ ኪሱ ይክተተው? በዚያን ቀን ከ30 በላይ ሰው ሞቷል።

ዋናው ጀግንነት ግን የታየው ከሦስት ቀን በኋላ ዋሽንግተን ላይ ነው። ፕሬዚዳንት ቡሽ ዓመታዊ ንግግራቸውን ሲያደርጉ አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ጣታቸውን ቀለም ነክረው መጥተው ወደ ላይ ቀሰሩት። እስቲ አስቡት፣ በዘበኛ በታጠረ አዳራሽ፣ ካሜራ ፊት፣ ማንም ሊገድላችሁ ሳይመጣ ጣት መቀሰር! እኔ ብሆን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተቃዋሚዎቹንም አንርሳ፤ ቅር ይላቸዋል። ከሦስት ወር በፊት በቡሽ የተሸነፉት ጆን ኬሪ በዚያው በምርጫው ቀን ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ማንም ነገሩን ከልክ በላይ እንዳያጋንነው አሳሰቡ። ምክሩ እኮ ክፋት የለውም። ግን አንዳንድ ደጋፊዎቻቸው ሰው ተሰልፎ ሲመርጥ እያዩ ፊታቸውን እንደ ለቀስተኛ አጨፈገጉት። ምን ያድርጉ፣ ፈገግ ካሉ ለቡሽ ድምፅ የሰጡ ሊመስልባቸው ነው።

ቁጥሩን የያዙበት ጥበብማ ብቻውን ይሸለማል። መጀመሪያ 72 ከመቶ መረጠ ተባለ፣ ለ72 የሚመጥን ንግግር ተደረገ። ቆይቶ ወደ 60 ገደማ ወረደ፣ በመጨረሻ 58 ሆነ። ንግግሩ ግን ንቅንቅ አላለም። አብዛኛው ሱኒ ከምርጫው በቀረበት፣ በምዕራብ ኢራቅ ባለው የአንባር ግዛት የወጣው መራጭ 2 ከመቶ ነበር። ይህቺን ቁጥር አንዱ ወገን ጭራሽ አላያትም፣ ሌላው ከእሷ በቀር ምንም አላየም። ዓይን ሲባረክ እንዲህ ነው።

ኢራቃውያን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ለሕገ መንግሥት፣ ዲሴምበር ላይ ለፓርላማ እንደገና ተሰለፉ፣ እንደገና ጣታቸውን ነከሩ። የእኛ ሰዎች ግን ብዙም አልደከሙም፤ የጃንዋሪው ንግግር እጃቸው ላይ ነበር፣ ቀኑን ብቻ ቀየሩት።